የቅዳሜዋ ዙር

ባለፈው ሳምንት ኡራኤል የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከሥራ ወጥቼ እግሬም ወገቤም ዝሎ ቆሜ ሳለ፣ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነጭ ጭሱን ለቆብን አለፈ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን ያ ዘይት የተቀላቀለበት የቤንዚን ሽታ ሲደርሰኝ፣ ከኋላዬ ያሉት ተቆጥተው እስኪገፉኝ ድረስ ሰልፉ መንቀሳቀሱን አላወቅሁም።

የጋሽ ታደለ ሽታ ነው። ጋሽ ታደለ ካዛንቺስ በአንድ ግቢ አብረውን የኖሩ የሞተር ሳይክል መካኒክ ናቸው። ከሰፈራችን መጀመሪያ ዲሽ ያስገቡት እሳቸው ሲሆኑ፣ ያስገቡትም እንደሌላው ለኳስ ሳይሆን ለግራንድ ፕሪ፣ ለሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ነው። እሳቸው በተወለዱበት ዓመት ስለተጀመረ፣ የዓለም ሻምፒዮናውን “እኩያዬ ነው” ይሉ ነበር። የጣሊያን ሞተሮች በድሮ ጊዜ እንዴት እንደገነኑ፣ ኋላ ጃፓኖቹ መጥተው እንዴት እንደነጠቋቸው ሲያወሩልን፣ የገዛ ርስታቸው የተወሰደ ይመስል ድምፃቸው ይሰበር ነበር።

ሥርዓቱን በቃላችን አጥንተነዋል። ዓርብ ልምምድ ነው፤ ቅዳሜ ተወዳዳሪው ሁሉ በሰዓት ይለካና የፈጠነው ለእሁድ ከፊት ይሰለፋል፤ እሁድ በሞተሩ ጉልበት ተከፍሎ፣ ከመቶ ሃያ አምስት ሲሲው ጀምሮ እስከ አምስት መቶው ውድድሩ ይካሄዳል። የጋሽ ታደለ ክፍል ጠባብ፣ እኛ ደግሞ ብዙ ስለነበርን፣ የመቀመጫችንን ጠብ በዚሁ ሥርዓት ገላገሉን። ቅዳሜ አንድ በአንድ ከግቢው በር ተነስተን፣ ሱቁንና ወፍጮ ቤቱን ዞረን እስክንመለስ በእጅ ሰዓታቸው ይለኩናል። አንደኛ የወጣው እሁድ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ከበሩ አጠገብ፣ ከወለቀው ጫማ ጋር። ዓርብ ዓርብ እናቶቻችን ወደ ሱቅ ሲልኩን ለልምምድ ብለን በሩጫ ስለምንሄድ፣ ከግራንድ ፕሪ የተጠቀመ ቢኖር እነሱ ናቸው።

ጓደኛዬ ስንዱ ሁልጊዜ ከጫማው ጋር ነበረች። አንድ ሳምንት ግን ከትምህርት ቤት መልስ ብቻዋን ስትሮጥ ሰነበተችና ቅዳሜ ሁሉንም ቀደመች። ተራዬን የምጠብቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ የአጥሩን ቀዳዳ አየሁና ሾልኬ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ አቋረጥኩ። ጋሽ ታደለ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔንም አዩ።

“በደንብ ዞረሻል?”

“አዎ ጋሽዬ።”

እሁድ ዱካዋ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ስንዱ ከኋላዬ ዓይኗን እያጠበበች “ማነው የቀደመው? ቁጥሩ ስንት ነው?” እያለች ስትጠይቀኝ፣ ተዪኝ ባክሽ እያልኩ አመናጨቅኳት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አልሮጠችም። ከወራት በኋላ ሰሌዳ ማንበብ እንደማትችል ታውቆ መነጽር ሲታዘዝላት፣ ያን ሁሉ ለምን እንደሮጠች ገባኝ። አፈርኩ። ግን እውነቱን ሳልነግራት አደግን።

ያ ሽታ ሳምንቱን ሙሉ ስላልለቀቀኝ፣ እሁድ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ጋሽ ታደለን ልጠይቅ ሄድኩ። ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን ፈርሶ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናቸው። ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው። ቅዳሜም አጭር ውድድር ተጨምሮባት አገኘኋት፤ “በቃ፣ ማረፊያ ቀን የሚባል ጠፋ” አሉ። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ይሁን አላውቅም፣ የወፍጮ ቤቱን ነገር ሳላስበው ነገርኳቸው።

“ትከሻሽ ዱቄት በዱቄት ነበር እኮ፣ ልጄ” አሉኝ። “ዙርሽን ያልሰረዝኩት ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። እሁድ ውድድሩ እስኪጀመር ጠበቅኩሽ።”

ትከሻዬን በመዳፌ ጠረግኩ።

“ለስንዱ ንገሪያት” አሉ።

“እሺ” አልኩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ግን መጀመሪያ የተነሱት እነ ስንዱ ናቸው፤ ወዴት እንደገቡ እኔም እሳቸውም አናውቅም። ይህንን ሁለታችንም እያወቅን፣ ውድድሩን እስከ መጨረሻው አየን።