ቀለም የተቀባው የሥጋ መጥበሻ

ግንቦት 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ «ብረቱ» እያለ የሚጠራው በያጅ በጓሮው መካከል ቆሞ፣ በገዛ እጁ የሠራውን የሥጋ መጥበሻ ዙሪያውን እየዞረ ይመለከት ነበር። አንድ የዘይት በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ፣ ግማሹን በአራት እግሮች አቁሞ፣ በላዩ ፍርግርግ ገጥሞና እጀታ አበጅቶለት የሠራው ነው። ሲነኩት አይወዛወዝም፤ የብየዳው መጋጠሚያ በጣት ቢዳሰስ እንኳ አይታወቅም። ጥቁር ቀለሙ ደግሞ ፊት ያሳያል።

ብረቱ ያን ጊዜ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በርና መስኮት፣ አጥርና የደረጃ መደገፊያ ሲበይድ ኖሯል። ቅጽል ስሙን ያገኘው ግን ከሥራው ብቻ አልነበረም። ሰው ሲያመሰግነው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ሰው ሲረዳው ደግሞ ፊቱን ያዞራል። ክፉ ሆኖ አይደለም። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርበታል። ብዙዎች ይህን ኩራት ይሉታል፤ ነገር ግን ዐይን አፋርነትም ሲያረጅ ኩራትን ይመስላል።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ ከአንድ መጋዘን ጣሪያ ላይ ወድቆ ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሞች በአጥንቱ ውስጥ ብረት አስገቡለት። ጎረቤቱ፣ የሚኒባስ ሹፌሩ፣ ሊጠይቀው ሲመጣ «እንግዲህ ስምህ በሐኪም ማስረጃ ጸደቀልህ» ብሎ ነበር። ሹፌሩ ቀልዶ ብቻ ግን አልቀረም። ለዐሥር ወር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ብረቱን ከአልጋው በጀርባው አዝሎ እያወጣ ሆስፒታል አመላለሰው። ሚስቱ የብየዳ ቤቱን ቁልፍ ከትራሱ ሥር ወስዳ፣ ሠራተኞቹን እየተቆጣጠረችና ደንበኞቹን እየተቀበለች ሥራው እንዳይዘጋ አደረገች። እንደ እናት ያሳደጉት ታላቅ እኅቱ፣ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ በየሁለት ቀኑ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየሩ እየመጡ ገላውን ያጥቡት ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ብረቱ ለሦስቱም አንዲት የምስጋና ቃል አልተናገረም። በሚያዝያ ከዘራውን ጥሎ መራመድ ሲጀምር ግን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣው። «አፌ እምቢ ካለኝ እጄ ይናገርልኝ» ሲል ወሰነ። በሁለት እግሩ ቆሞ፣ በራሱ መጥበሻ፣ በራሱ እጅ ሥጋ ጠብሶ ሊያበላቸው፤ ያን ጊዜ ያለ ቃል ይገባቸዋል ብሎ አሰበ።

«ማንም ከሰል እንዳይነካ፤ ማንም ሳህን እንዳያነሣ፤ ዛሬ ሁሉንም የምሠራው እኔ ነኝ» አለ ለሚስቱ።

«እሺ። መተንፈስስ ይፈቀድልናል?» አለችው።

እንግዶቹ አምስት ሰዓት ላይ መጡ፤ ሚስቱና ልጆቹ ሲቆጠሩ ዐሥራ አራት ሰው ሆኑ። ወንበሮች በዛፉ ጥላ ሥር ተደረደሩ። እኅትዮዋ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሣሩ ላይ ዘረጉ። ብረቱ ከሰሉን አቀጣጥሎ የበግ ጎድኑን፣ የዶሮውን እግርና ለሁለት የተገመሰውን በቆሎ በፍርግርጉ ላይ ደረደረ። ከጎኑ ያልተጠበሰው ሥጋ በሁለት ትልልቅ ሳፋዎች ተከድኖ ይጠባበቃል።

ጭሱ በመጀመሪያ ነጭ ነበር። ቆይቶ ጠቆረ፤ ሽታውም ተለወጠ። ሹፌሩ አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ ሁለት ጊዜ አሸተተ።

«ስማ ብረቱ፣ የሚጠበሰው በግ ነው ወይስ በር?»

ብረቱ ጎድኑን በመቆንጠጫው አነሣው። ከሥሩ ጥቁር ቅርፊት ተጣብቆበት ተነሣ። ያን ጊዜ ገባው። በብየዳ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተሻረ አንድ ሕግ ነበር፦ ያልተቀባ ብረት ከደጃፍ አይወጣም። ሐሙስ ዕለት መጥበሻውን እንደ ጨረሰ እጁ ራሱን ሳያማክር ብሩሹን አንሥቶ፣ መጀመሪያ ቀዩን ፀረ ዝገት፣ ቀጥሎም ጥቁሩን ቀለም ሁለት ጊዜ፣ ውስጡንም ውጭውንም፣ ፍርግርጉንም ሳይቀር ቀብቶት ነበር። ልማድ ጥሩ አሽከር ነው፤ ያላዘዙትንም ሲሠራ ግን ጌታውን ያዋርዳል።

«እንዳትበሉ! አንድም ሰው እንዳይነካው!» ብሎ ጮኸ።

«ለምን?» አለ ሹፌሩ። «ይህን የበላ ሰው ዕድሜ ልኩን አይዝግም!»

ልጆቹ በሣቅ ወደቁ፤ ሚስቱም ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ብረቱ ግን አልሣቀም። ጆሮው ድረስ ቀላ። ለሳምንታት ያሰበው ምስጋና ዐይኑ እያየ ሲያርርና ሲከረፋ፣ ሊናገርለት የታመነው እጅ ከአፉ የባሰ መሆኑን አወቀ። መቆንጠጫውን ወርውሮ፣ እያነከሰ ወደ አጥሩ በር አመራ።

«ወዴት ነው?» አሉት እኅቱ።

«ምግብ ቤት፣ እትዬ። የበሰለ ገዝቼ እመጣለሁ።»

«እኔ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ የመጣሁት የማላውቀው ሰው የጠበሰውን ልበላ ነው? ተመለስ አንተ ልጅ! ሳፋው ውስጥ ያለው ሥጋ እንደሆነ ገና አልተቀባም።»

በዚህ ጊዜ ያልሣቀ ሰው አልነበረም። ብረቱ የሚገባበት ጠፋው፤ ቢሆንም እትዬ «ተመለስ» ሲሉት መሄድን ከልጅነቱ ጀምሮ አልተማረም። ተመለሰ። ዐይኑን ወደ ጓሮው ግድግዳ ሲጥል፣ ለሌላ ሥራ ያስቀመጣቸውን ቀለም ያልነካቸውን የፌሮ ዘንጎችና ከአጥሩ ግንባታ የተረፉትን ሸክላዎች አየ። ሸክላዎቹን በሁለት ረድፍ ደርድሮ ዘንጎቹን ቢያጋድምባቸው መጥበሻ ይሆናሉ። ነገር ግን ሸክላ የሚደረደረው መሬት ላይ ነው፤ መሬት ላይ ለመሥራት ደግሞ መንበርከክ ያስፈልጋል። ግራ ጉልበቱ ገና አልታጠፍ ብሎታል።

ከሸክላዎቹ አጠገብ ቆሞ ቀረ። በታመመባቸው ወራት ውኃ እንኳ ጠይቆ አያውቅም፤ ሲጠማው ከፊቱ የሚያነቡለት ሌሎች ነበሩ። አሁን ግን ዐሥራ አራት ሰው እየራበው ይመለከተዋል፤ ማንም ምን እንደሚፈልግ አላወቀም። ወይ መናገር ነው፣ ወይ ሁሉንም እንዳስራቡ መቆም።

«ስማ» አለ ሹፌሩን። «ጉልበቴ አይታጠፍም። እባክህ፣ አንተ ጎንበስ በልልኝ።»

ሹፌሩ ምላሱ ላይ የደረሰ ቀልድ ነበረው፤ ዋጠው። የክት ሱሪውን ሳይሰበስብ አፈሩ ላይ ተንበረከከ። ሚስትየዋ ዘንጎቹን በሽቦ ብሩሽ ፈትጋ፣ በፈላ ውኃ አጥባ አመጣች። ብረቱ ቀና ብሎ ቆሞ በዐይኑ እየለካ ያዛል።

«የግራውን ትንሽ ከፍ። አይ፣ በዛ። ዝቅ።»

«ሰውዬ፣ ሥጋ ነው የምንጠብሰው ወይስ ድልድይ ነው የምንሠራው?»

«ዝም ብለህ ሸክላውን አስተካክል።»

አዲስ ከሰል ተቀጣጠለ፤ ዘንጎቹም በእሳቱ ላይ እስኪግሉ ተጠበቁ። ሥጋው ወዙን እያንጠባጠበ ሲጠበስ የቀለሙ ሽታ ጠፍቶ የጎድኑ መዓዛ ጓሮውን ሞላው። ሰዎቹም በረኀቡ ምክንያት ይበልጥ ተቀራርበው፣ ዳቦ እየቆረሱና እየተጫወቱ ጠበቁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ብረቱ የመጀመሪያውን ሳህን ሞልቶ ለእኅቱ ሰጠ። ሌላውን ሳህን ለመሙላት ወደ እሳቱ መመለስ ነበረበት፤ ግን ከፊታቸው አልሄደም።

«እትዬ» አለ። «እግሬን ስታጥቢኝ የተኛሁ ይመስልሽ ነበር። ተኝቼ አልነበረም። ምን እንደምልሽ ስላላወቅሁ ነው ዐይኔን የጨፈንሁት። እግዜር ይስጥልኝ።»

እኅትዮዋ ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ዐውቅ ነበር» አሉት። «የተኛ ሰው ሲኮረኮር ጣቱን አይሰበስብም።»

ብረቱ አንዴ የተከፈተውን አፉን ሳይዘጋ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «አንተም ወንድሜ፣ ያለ አንተ ጀርባ ዛሬ አልቆምም ነበር። አመሰግንሃለሁ።»

«ከባድ ነህ እንጂ ይህን ያህል…» አለ ሹፌሩ፤ ቀልዱን ግን መጨረስ አቃተው። የጉልበቱን አፈር ያራግፍ ጀመር።

በመጨረሻ ሚስቱን ተመለከታት። «አንቺ ደግሞ፣ አንድ ቀን እንኳ የብየዳ ቤቱን በር ሳትዘጊ…»

«ሥጋው ሊያርር ነው» አለች፤ ዐይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

«ይረር። እግዜር ይስጥልኝ ነው የምልሽ።»

«ሰማሁ። አሁን ገልብጠው።»

ገለበጠው። ውለታን በሥጋ እመልሳለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ውለታ ተጨምሮበት ዋለ፤ ሸክሙ ግን ቀለለው። ባለውለታ የሚጠብቀው ብድሩን ሳይሆን ልፋቱ መታወቁን ነውና።

ብረቱ በሚቀጥለው ወር ወደ ብየዳ ቤቱ ተመልሶ ሰባት ዓመት ሠራ፤ የሰፈሩ በሮች አብዛኞቹ የእጁ ሥራዎች ናቸው። በዚያች ቅዳሜ ደግሞ ዐሥራ አራት ሰዎችን በጓሮው አበላ፤ ከእነርሱም ሦስቱን፣ ፊት ለፊትና በሚሰማ ድምፅ፣ አመሰገነ።