የእትዬ አይገዛም ግራ እጅጌ

እትዬ አይገዛም ወፍ ላባዋን አውልቃ መስቀል በሚያምራት ሙቀት እንኳ እጅጌዋን የማትሰበስበው፣ ግራ ክንዷ ከአንጓው እስከ ክርኑ በወርቅ አምባር ስለተሞላ ነው ይባላል። አምባሮቹን የሰጧት ባለሱቆች ናቸው አሉ። በየወቅቱ በምታወጣው የግዢ ዝርዝር ላይ የአንዱን ዕቃ «ይገዛል» ብላ በጻፈች ቁጥር አንድ አምባር ይጨመርላታል። ስምንት ናቸው ያለ አለ፤ አሥራ አራት ናቸው ያለም አለ። የወሬው እናት፣ የሰፈሩ ጸጉር ሠሪ ደግሞ፣ «ስታልፍ እኮ እንደ ተሸለመች በቅሎ ትንሿሿለች፤ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት» ትላለች።

እንግዲህ ወሬ ቀረጥ አይከፍልም፤ እንደልቡ ይገባል ይወጣል። ግን ትንሽ ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ነገር አይዋጥም። አሥራ አራት አምባር የተሸከመ ክንድ በቀን መቶ ሃያ ሸሚዝ ይተኩሳል? እትዬ አይገዛም ላውንደሪ ቤት ውስጥ ካውያ ይዛ ከቆመች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የምትኖርባት ክፍል አልጋው ሲገባ በሩ የሚወጣባት ዓይነት ናት። ጫማዋ ተረከዙም ሶሉም ከመቀያየሩ የተነሣ፣ ከመጀመሪያው ጫማ የቀረው ማሰሪያው ብቻ ነው። ወርቅ ያላት ሴት የተቀደደ የትራስ ጨርቋን በሁለት ዓይነት ክር ትሰፋለች?

እሷ ራሷ ወሬውን ሰምታው አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ዝርዝሩ የተጀመረው በአንድ ቀይ መጋረጃ ነው። መጋረጃው ላውንደሪ ቤት መጣና ቀለሙን ለቀቀ፤ አብረውት የገቡት የሐኪሞች ነጭ ጋውኖች በሙሉ ጽጌረዳ መሰሉ። አለቃዋ መጋረጃውን ትቶ እሷ ላይ ጮኸ። እሷም በንዴት የልብስ መቀበያ ወረቀት ገልብጣ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ቀዩ መጋረጃ አይገዛም። አንዴ ሲታጠብ ጽጌረዳ፣ ሁለቴ ሲታጠብ ሽንኩርት፣ ሦስቴ ሲታጠብ ምሕረት ነው።» ወረቀቱን ከላውንደሪ ቤቱ ጋር ግድግዳ ለምትጋራው ጸጉር ሠሪ ሰጠቻት፤ ጸጉር ሠሪዋ ሳቀችና መስተዋቷ ላይ ለጠፈችው። በሳምንቱ ቀይ መጋረጃ የሚገዛ ሰው ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ሙቀቱ ሊገባ ሲል ዝርዝሩ ይወጣል። «ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ አይገዛም፤ ነብሩ በአንድ እጥበት ድመት ይሆናል።» «ወፍራሙ ግራጫ ሹራብ ይገዛል፤ ባልሽ ቢሄድ እሱ ይቆያል።» ሌላው ሰው ዕቃን የሚያውቀው ሱቅ ውስጥ ሲስቅለት ነው፤ እሷ የምታውቀው ታጥቦ ሲያለቅስ ነው። «አይገዛም» የሚለው ቃል «ይገዛል»ን አሥር እጥፍ ስለሚበልጠው ስሟ ሆኖ ቀረ።

ችግሩ የመጣው ሴቶቹ፣ «እትዬ፣ የፊት ክሬምም ጻፊልን እንጂ» ያሏት ጊዜ ነው። ክሬም አይታጠብ፣ አይተኮስ። ሳያውቁ መጻፍ ደግሞ ለእሷ ከስርቆት አይተናነስም። እና ምን አደረገች? ከየዓይነቱ ትንሹን ብልቃጥ እየገዛች፣ በግራ ክንዷ በውስጥ በኩል የጥፍር ታህል እየቀባች፣ በጨርቅ ሸፍና ሦስት ቀን ትጠብቅ ጀመር። ካሳከከ አይገዛም። ካቃጠለ አይገዛም። ከላጠ በቀይ እስክሪብቶ አይገዛም። በየወቅቱ አምስት ስድስት ክሬም፣ በዓመት ከአሥራ አምስት በላይ፣ ያውም ለዘጠኝ ዓመት። እጅጌዋ ያኔ ወረደ፤ ወርዶም ቀረ። ለማንም አልተናገረችም። ሰዉ ክንዷን ቢያይ ደንግጦ መቀባቱን ይተዋል፣ ወይም ያዝንላታል፤ ከሁለቱ ማዘኑን ፈራች።

ከአምስት ወር በፊት የሟች እህቷ ልጅ መጥታ አብራት መኖር ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። የሆቴሉ ኃላፊ ግን ጉንጮቿ ላይ ያለውን ማድያት አይቶ፣ «ሦስት ሳምንት አለሽ፤ ፊትሽን አስተካክለሽ ነይ» አላት፤ የእንግዳውን ሻንጣ የሚሸከመው ፊቷ ይመስል።

በዚያው ሰሞን የብርዱ ወቅት ዕቃ ገባና ባለ ወርቃማ ክዳኑ ክሬም በየሱቁ ተደረደረ። ባለሱቁ፣ «ይሄ ማድያት ቀርቶ ኃጢአት ያስለቅቃል!» እያለ ይምላል። ልጅቱ ልትገዛ ስትሮጥ አክስቷ ያዘቻት።

«መጀመሪያ እኔ ልየው።»

«በምን ታይዋለሽ አክስቴ? ላውንደሪ አታስገቢው!»

«በምንም ልየው። ሦስት ቀን ስጪኝ።»

በዚያ ምሽት በሩን ቆልፋ እጅጌዋን ሰበሰበች። ቦታ ፈለገች፤ ቦታ የለም። ክንዷ እንደ ሞላ መቃብር ነው፤ አዲስ ለመቅበር አሮጌ መክፈት ያስፈልጋል። አምና አንድ ክሬም ልጦት የጠቆረ ጠባሳ ላይ ቀባችና ሸፈነችው።

ልጅቱ ሥራ መጀመሪያ ቀኗን በጣቷ እየቆጠረች ትነዘንዛታለች። «አልደረሰም አክስቴ?» «ቆዳ አይቸኩልም የኔ ልጅ።» አንደኛው ቀን፣ ምንም። ሁለተኛው ቀን፣ ምንም። በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ስታነሣ ማሳከክ የለ፣ መቅላት የለ። እትዬ አይገዛም በዘጠኝ ዓመት ሙከራዋ እንዲህ ያለ ደግ ክሬም አጋጥሟት አያውቅም! በዝርዝሩ አናት ላይ በትልልቁ «ይገዛል» ብላ ጻፈች፤ ሥሩን ሁለቴ አሰመረችበት፤ ጽፋ የማታውቀውንም ጨመረችበት፦ «እኔም ለቤቴ ገዝቻለሁ።»

ልጅቱ በተቀባች በሁለተኛው ቀን፣ «አክስቴ፣ ያቃጥላል» አለች።

«ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል ይላል ወረቀቱ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ታገሺ።»

ታገሠች። በአራተኛው ቀን የሁለቱም ጉንጮቿ ቆዳ ከትራሱ ጋር ተነሣ። ክሊኒክ ያያት ሐኪም፣ ቁስሉ እንደሚድን፣ ምልክቱ ግን እንደማይለቅ ነገራት። ሆቴሉ ሌላ ፊት ቀጠረ። ልጅቱ ያንን ሁሉ ቀን ወደ ግድግዳ ዞራ ተኛች፤ አክስቷ ስታናግራት ግድግዳው ቢመልስ ይቀላል።

እትዬ አይገዛም ምኑ እንደተሳሳተ አልገባትም። በሳምንቱ ሥራ ላይ ሆና የሚያር ነገር ሸተታት። ካውያውን ብድግ አድርጋ ሸሚዙን አየችው፤ ነጭ ነው። ገለበጠችው፤ ንጹሕ ነው። ሽታው አልጠፋም። ጎኗ የምትተኩሰው ሴት፣ «ኧረ እጅሽ! እጅሽ!» ብላ ጮኸች። የካውያው ጠርዝ እጅጌዋን አልፎ ግራ ክንዷ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ምንም አልተሰማትም። እዚያው እንደቆመች ነገሩ ገባት፦ ያ ክንድ ከሞተ ቆይቷል። ስለ ክሬሙ የመሰከረላት በድን ነው፤ በድን ደግሞ ስለምንም ነገር ክፉ አይናገርም።

ቅዳሜ ጸጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄደች፤ ዝርዝሩን ከመስተዋቱ ልታነሣ። ቤቱ ሞልቷል። የእህቷ ልጅም እዚያ ናት፤ ጸጉር ሠሪዋ የፊት ጸጉሯን ቆርጣ ጉንጮቿ ላይ ልታወርድላት ጠርታታለች። ሻሿን እስከ ዓይኗ ሸፍና ተቀምጣለች።

«መጣሽ?» አለች ጸጉር ሠሪዋ፣ መቀሱን ሳታስቀምጥ። «ሁለቴ ያሰመርሽበትን ልትፍቂ ነው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በክሬምም አይታሽም።»

«ላነሣው ነው የመጣሁት። ስጪኝ።»

«እንሰጥሻለን፤ አምባሩ የት ሊሄድ! ለኛስ ይሁን፣ ቢጠቁር ቢነጣ ያረጀ ፊት ነው። ለገዛ እህትሽ ልጅ ግን ጨከንሽ!»

«የምን አምባር?»

ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠችው ሴት እንኳ ጭንቅላቷን አወጣች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንደሩን የዞረ ወሬ ለባለቤቱ ሲደርስ ማየት፣ ከማንም ጸጉር መድረቅ ይበልጣል። ጸጉር ሠሪዋ ወርቁን፣ ባለሱቆቹን፣ መንሿሿቱን አንድ ባንድ ነገረቻት፤ መጀመሪያ ጮክ ብላ፣ ወደ መጨረሻው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ያኔ ልጅቱ ሻሿን ከአፏ ገለል አደረገች። በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

«ስንት ሰጡሽ አክስቴ? ያን ‹ታገሺ› ያልሽኝን በስንት ነው የሸጥሽው?»

እትዬ አይገዛም ጸጉር ሠሪዋን አላየችም፤ ልጅቱን ብቻ አየች። ልትዋሽ ትችል ነበር። «ተከፍሎኝ ነው» ብትል ሌባ ትባላለች፤ የሌባን ዝርዝር ደግሞ ማንም ስለማያምነው ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። እውነቱ ከዚያ ይከፋል፦ በታማኝነት ነው ያቃጠለቻት።

የእጅጌዋን ቁልፍ ፈታች። ወደ ላይ ሰበሰበችው፣ እስከ ክርኑ። ነጭ ቦታ፣ ጥቁር ቦታ፣ የተጨማደደ ቦታ፣ የተላጠ ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ገና ያልጠገገ የካውያ ጠርዝ ምልክት። ወንበር ላይ ያሉት ሴቶች የየራሳቸውን ጉንጭ ዳሰሱ።

«ክሬሙን ከራሴ ኪስ ነው የገዛሁት» አለች። «እዚህ ጋ ሞከርኩት። ይሄ እጅ መስማት እንዳቆመ አላወቅሁም። ማወቅ ነበረብኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ክንዱን አየችው። ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው።

«ወርቁስ?» አለች ጸጉር ሠሪዋ፣ ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ።

«ወርቅ የለም። አምባር ኖሮኝ አያውቅም። ማንም ምንም ሰጥቶኝ አያውቅም።»