የእብናት ዳገት

በቀደም ባሕር ዳር በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ፣ ዝናብ የነካው አቧራና የግሪስ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቆምሁ። እግሬ ሳይቀር ያስታወሰ መሰለኝ። ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በደብረ ታቦር የብስክሌት ቡድን ውስጥ ብቸኛዋ ሴት።

ወንዶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እብናት ደርሰው ይመለሳሉ። እኔን ግን አሰልጣኙ ከከተማው መውጫ ይመልሰኝ ነበር። ለክልሉ ውድድር የሚሄዱትን ሲመርጥም ስሜን ዘለለው። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ በሁሉም ፊት፣ «እብናት ወርደሽ፣ መኪና ላይ ሳትጫኚ ከተመለስሽ ያኔ እንነጋገራለን» አለኝ። ወንዶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። መውረዱ ቀላል ነበር። የገብሱ ማሳ ጤዛውን እንደያዘ በግራና በቀኝ ይሸሻል፤ የፒስታው መንገድ ጠጠር ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል፤ የጉና ተራራ ብርድ ከኋላዬ እየቀረ አየሩ ሞቅ ይላል። እብናት ስደርስ ሁለት ሙዝ በላሁ፣ ውኃ ሞላሁና ሳልቀመጥ ፊቴን አዞርሁ።

መከራው ዳገቱ ላይ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ጉሮሮዬ በአቧራ ደረቀ። በቀላሉ ማርሽ እየረገጥሁ እንኳ ከእግረኛ አልፈጥንም። ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች በየተራ ቆመው «ነይ እንጫንሽ» አሉኝ። ሁለቱንም በእጄ ሸኘኋቸው። ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ከባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ አሳለፍሁት፤ ከዚያ ጭቃው ጎማውን ሲይዘው አለቀስሁ። እያለቀስሁም ረገጥሁ።

ከደብረ ታቦር በኩል አንድ ሚኒባስ መጥቶ ፊቴ ቆመ። አባቴ ወረዱ። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሾፌሮቹ አንዱ አውቆኝ ኖሮ ቤት ድረስ ሄዶ ነግሯቸው፣ ኮንትራት ይዘው መምጣታቸው ነው።

«ብስክሌቱን ጫኚው» አሉኝ።

«አልጭነውም፣ አባባ።»

«እናትሽ ልታብድ ነው። ጫኚው አልሁሽ!»

አባቴን እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር። «ከጫንሁት አሰልጣኙ ልክ ነበር ማለት ነው። ቢገርፉኝም ቤት ስገባ ይግረፉኝ። መኪና ላይ ግን አልወጣም።»

ጭቃ የያዘውን ጎማ፣ ቀጥሎም እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረው «አንተ ሂድ» አሉት።

«ታዲያ እርስዎ በምን ሊመለሱ ነው?»

«እግር አለኝ።»

የእሑድ ጫማቸውን እንዳደረጉ ከጎኔ ይራመዱ ጀመር። እኔ እረግጣለሁ፣ እሳቸው ይራመዳሉ፤ ዳገቱ እኩል አድርጎናል። አንድ ጊዜ ሊደግፉኝ እጃቸውን ወደ ኮርቻው ሲሰዱ፣ «አይንኩኝ!» ብዬ ጮኽሁ። እጃቸውን ሰበሰቡ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ እሰማለሁ። መሐል ላይ፣ «እኔም እኮ ስፌት መኪናዬ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ረገጥሁ፤ ከተቀመጥሁባት ግን ንቅንቅ አላልሁም» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ልወድቅ ነበር።

ሜዳው ላይ ስንወጣ ብስክሌቱ ፈጠነ። ልጠብቃቸው ፍሬን ስይዝ «ሂጂ! እኔን አትይ» አሉኝ። ሄድሁ። ዞሬም አላየሁ።

ሰኞ ሄጄ ስነግረው አሰልጣኙ «ማን አየሽ?» አለኝ።

«አባቴ።»

«አባት ምስክር አይሆንም።»

«እንግዲያው እሑድ ደግሜ እወርዳለሁ። ሞተርህን ይዘህ ተከተለኝ።»

ተከተለኝ። ሲመለስ ስሜን ከዝርዝሩ ላይ ጻፈው። በውድድሩ ከመጨረሻ ሦስተኛ ወጣሁ፤ ከእኔ ኋላ የቀሩት ሁለቱ መኪና ላይ ተጭነው ነው የገቡት።

ያን የመጀመሪያውን እሑድ አባቴ ቤት የገቡት መብራት ከበራ በኋላ ነበር። እግራቸውን ጨው ያለበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ «ስንት ሰዓት ገባሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ፈጥነሻል» አሉ። እራቴን በልቼ ተኛሁ። እሳቸው የቀረውን መንገድ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጫማ፣ ብቻቸውን እንዴት እንደጨረሱት አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ በኋላ እንኳ ብዙ ዓመት አብረን ኖረን ነበር።