አንድ እግር ጫማዬ ከሞገስ ሚስማር ላይ

ዛሬ ጠዋት የሺ ከደባርቅ ደውላ «ሞገስ አረፈ» ስትለኝ፣ «በይው፣ አላመጣም!» ብዬ ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። እውነት መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ባሏ ሞቶ እያረዳችኝ እኔ ተንኮል መስሎኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሞገስ በግቢው ውስጥ የመኪና መጠገኛ መሣሪያ የሚሠራ ወዳጄ ነበር። ሱቅ የሚሸጠውን አይደለም፣ ሱቅ የሌለውን። ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ መኪና የጣለውን ብረት እየለቀመ ያመጣል። «ሰው ሊማሊሞን ሲወርድ ይጸልያል፣ አንተ ብረት ትለቅማለህ» ስለው፣ «እኔም እጸልያለሁ፤ ጎንበስ ስል ብረት አገኛለሁ» ይለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ እዚህ ዳባት አሮጌ ፒክአፔን ራሴ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርሁት። አንድ ጊዜ ሞተሩን ፈትቼ የቫልቮቹን ሞላ ማውጣት አቃተኝ። ሞላው በኃይል ተጨምቆ ካልተያዘ አይወጣም። መጭመቂያውን ጎንደር ድረስ ወርጄ ፈለግሁ፤ የለም። ቴስታታውን፣ ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተር ራስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ሞገስ ዘንድ ወሰድሁት።

ልኩን በሰንበሌጥ ለካ። ሜትር አለው እኮ! «ሜትር ቁጥር ይነግርሃል፤ ሰንበሌጥ ልኩን ራሱን ይዞልህ ይመጣል» አለኝ። ከተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ቆረጠ፣ በከሰል አግሎ እንደ በሬ ቀንድ ቆለመመው፣ ከአሮጌ ክሪክ የወጣ ጥርሳም ዘንግ ገጠመለት። መጀመሪያ ስንሞክረው ሾልኮ አገጬን ሊያወልቀው ነበር።

«አገጭህ መቼም ረዝሟል፤ ቢያስተካክልልህ ምን ነበር?» አለና ጫፉን እንደገና ሞረደው። በሁለተኛው ሞላው እንደ በግ ተኛ።

ደስ ብሎኝ ይዤው ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመ። «ጫማህን!»

የሞገስ ሕግ ይህ ነው። መሣሪያ የሚዋስ ሁሉ አንድ እግር ጫማውን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። «ይህን ያህል ዘመን ተዋውቀን?» ብለው፣ «ፍቅራችን ለብቻ፣ ጫማህ ለብቻ» አለኝ።

እንዲያው ሆኜ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚሄዱ አንዲት እናት እግሬን አይተው «ምነው ልጄ፣ ተዘረፍህ?» አሉኝ።

«የለም እማማ፣ ብረት ተውሼ ነው።»

«ብረቱ ጫማ ይበላል?» ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀብኝ።

እኔም ተበቀልሁት። መጭመቂያውን አልመለስሁም። ይደውላል፤ «የጃናሞራ ሰው ፈልጎታል፣ አምጣ እንጂ!» ይለኛል። «ጫማዬን እያየህ ተጽናና» እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል ክረምቱ ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። «ታምሜአለሁ፣ ና» አለኝ።

«ይህስ አያዋጣህም፤ ሌላ ሰበብ ፍጠር!» አልሁት።

ሳቀ። ሳቁን መሀል ላይ ሳል ቆረጠው። ሳሉን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

ከጠዋት ጀምሮ የሚያብሰለስለኝ ይህ ነው። ያን ቀን «አምጣ» አላለኝም። «ና» ነው ያለኝ።

የሺን «ጫማዬ አለ?» ብዬ ጠየቅኋት። እንደ ጅል።

«አለ እንጂ» አለችኝ። «አልጋው ላይ ሆኖ ሶሉን በጎማ ቀየረልህ። ‹ሲመጣ ጭቃውን ይወጣበታል› እያለ።»

ሞጌ፣ መጭመቂያህን በዘይት ወልውዬዋለሁ። ነገ ከቀብርህ መልስ በእጄ ቦታው ላይ እሰቅለዋለሁ። የጃናሞራው ሰው ይውሰደው፤ የሺ ጫማ መቀበሉን ታውቅበታለች።

የሠራህልኝን ጫማ አደርገዋለሁ። ሌላኛውን አውልቄ በምትኩ እሰቅላለሁ፤ ቤትህ የምመጣበት፣ የሺን የምጠይቅበት ሰበብ ይሁነኝ። ሚኒባሱ እንደገና ይሳቅብኝ፤ አንተም ካለህበት ሆነህ ሳቅ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። «ና» ብለኸኝ ነበር። ዘግይቼ መጣሁ።