ካርቶኗ «የለም» ያለች ቀን

ያኔ ዜናዬን ለጋዜጣው የምልከው አቃቂ በሰቃ፣ ዋናው መንገድ ዳር ካለች አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ነበር። የምኖርበት የገላን ኮንዶሚኒየም ገና የኢንተርኔት መስመር አልገባለትም ነበር። ሱቋ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ስካነርና አንድ ኮምፒውተር ነበራት። ባለቤቱ ከስልጤ የመጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት ነጋዴ ነው። በሩ ላይ በሲባጎ የሰቀላት ካርቶን በአንድ ፊቷ «ኔትወርክ አለ»፣ በሌላው «ኔትወርክ የለም» ትላለች። ሰው እሷን አይቶ ይገባል፣ ወይም ይመለሳል። የሚጠራጠራት አልነበረም።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ስደርስ «የለም» ትላለች። አግዳሚው ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ፌስታል ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው» አለኝ ባለቤቱ። «መብራት ሄዶ መጣ፣ ኔትወርኩ ሄዶ ቀረ። ቁጭ በል፤ ሲመጣ ይመጣል።»

እኔም እንደ ሰዉ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ፎቆቹ ከመቆማቸው በፊት እዚያው ገላን ያርሱ ከነበሩ ቤተሰቦች ናቸው። ምን እንደሚጠብቁ ስጠይቃቸው ከፌስታሉ የፓስፖርት ኮፒ አውጥተው አሳዩኝ። የልጃቸው ነው። ልጅቱ ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቀምታታለች። አምልጣ ቆንስላ በር ላይ ቆማለች። ማንነቷን የሚያሳይ ኮፒ በኢሜይል ከደረሰላት ያስገቧታል። ካልደረሰ ቢሮው ሲዘጋ ከበሩ ትነሣለች፤ አሠሪዋ ደግሞ በፖሊስ እያስፈለገቻት ነው።

«መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ብላኛለች። የዘበኛ ስልክ ለምና ነው የደወለችልኝ። ወረቀቱ ደርሶ ከገባሁ አንዴ አስጠርቼ እዘጋለሁ፣ ካልሆነ ግን ደጋግሜ እደውላለሁ አለች።»

ስምንት ሰዓት አልፏል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ኢንተርኔት ቤት የመብራት ፈረቃው ስለሆነ ተዘግቷል። ቃሊቲ ድረስ እንዳንሄድ የከባድ መኪናው ሰልፍ አያስደርስም። የእኔን ዜና በስልክ አንብቤ ማስጻፍ እችላለሁ፤ ፓስፖርት ግን በስልክ አይነበብም።

«ኔትወርክ እንደሌለ ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማን ይነግረኛል? አልከፍት አለኝ፣ ካርቶኗን ገለበጥኳት።»

«ጎረቤት ጠየቅክ?»

«ጎረቤትም የሚያየው ካርቶኗን ነው።»

ተነሥቼ ሞደሙን አየሁት። የመስመሩ መብራት በርቷል፣ የኢንተርኔቱም በርቷል። የጠፋው አንድ ብቻ ነው፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ገመድ የተሰካበት። ገመዱን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። የለም። ከመደርደሪያው አዲስ ገመድ አውርደን ቀየርን። የለም። ኮምፒውተሩን አዙሬ ከኋላ ገመዱ የሚገባበትን አየሁ። ሁልጊዜ ብልጭ የምትለው ትንሽ መብራት ሞታለች።

«መስመሩ ደህና ነው» አልኩ። «የሞተው ገመዱን የሚቀበለው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራው ኔትወርክ ካርድ ነው። መብራቱ ሲመለስ መትቶት ይሆናል።»

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ከጠዋት ጀምሮ የጠበቅነው የሚመጣ ነገር አልነበረም ማለት ነው?» አሉ።

ኮምፒውተሩን አጥፍተን ገመዱን ከግድግዳው ነቀልን። ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ ቆየሁ። መልሰን ስናበራው ተነሥቶ እስኪጨርስ ባለቤቱ ወደ ግድግዳው ሰዓት እንዳያይ ጀርባውን ሰጠው። ትንሿ መብራት በራች። ኮፒውን ስካን አድርገን፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የቆንስላውን የኢሜይል አድራሻ ሞልተን ላክ አልን። ስክሪኑ ላይ የመላኪያው መስመር ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። ወደ ኮምፒውተሩ ኋላ ስዞር መብራቷ ጠፍታለች። ደግመን ነቀልን፣ ደግመን ሰካን። ከዚያ በኋላ አልነቃችም።

«ሌላ ካርድ የለህም?»

«ወላሂ፣ ያለኝ ይሄው ነው» አለና ዓይኑ ጥግ ያለው የላሚኔሽን ማሽን ላይ ቀረ። ማሽኑ የተቀመጠው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። «ጠረጴዛ ካደረግኩት ቆይቷል። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቅ።»

መፍቻ አልነበረም። ብሎኑን በቢላዋ ጫፍ ፈታን። ውስጡ አቧራ ብቻ ይመስል ነበር፤ ከታች በኩል ግን ለብቻው የተሰካ ኔትወርክ ካርድ አለ። አውጥቼ በሸሚዜ ጠረግኩት።

«ሬሳ ላይ ሬሳ እንዳትጨምርብኝ» አለ ባለቤቱ። እጁ ግን ከእኔ ቀድሞ የደህናውን ኮምፒውተር ክዳን ይፈታ ነበር።

ካርዱን ሰክተን አበራነው። የፈራሁት የካርዱን ፕሮግራም የያዘ ሲዲ እንዳይጠይቀን ነው፤ ሲዲውን ከየትም አናገኘውም፣ ከኢንተርኔት እንዳናወርደው ኢንተርኔት የለንም። ስክሪኑ ጥግ ላይ አዲስ መሣሪያ ማግኘቱን የሚናገር ጽሑፍ ወጣ። ጠበቅን። ራሱ አወቀው። ከኋላ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ።

«አትንኳት» አለ ባለቤቱ፣ በሹክሹክታ።

ላክን። ግማሹን አለፈ። ሄደ።

ለዘጠኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሴትዮዋ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ጋ ቆሙ። አንድ ሰው ከውጭ ካርቶኗን አይቶ «ዛሬም የለም?» ብሎ አለፈ። ማናችንም ዞር አላልንም።

ስልኩ ጠራ። አንዴ። ተቋረጠ።

«ቆይ» አሉ ሴትዮዋ፣ አንዳችንም ሳንናገር።

ቆየን። ከባድ መኪና ሲያልፍ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አላደረጉትም፤ ዓይናቸውን ግን ከላዩ አልነቀሉም። ሰዓቱ ዘጠኝን አለፈ። ሁለተኛው ጥሪ አልመጣም።

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ውኃ ካለ ጠየቁን።