ባለ ወረንጦዋ ሴት

ፊደል የለየሁት ዘግይቼ ነውና ብሳሳት ማሩኝ፤ እንኳን የሰው ገጽታ ስሜንም በወግ አልጽፍ። ይህችን ሴት ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ ከገበያው ዋርካ ሥር ትቀመጥ ነበር። ስሟን የጠየቃት የለም። ከማተቧ ጋር የእሾህ መንቀያ ወረንጦ ታንጠለጥላለች። አገጫቸው ላይ ጠጉር የበቀለባቸው ሴቶች በነጠላቸው ተሸፋፍነው ይመጡላታል።

ካሣነሽ የምትባል ልጃገረድም ሠርጓ ሲቃረብ መጣች፤ አመድ በጨርቅ ቋጥራ።

"በዚህ ቢፈትጉት ቶሎ ይለቃል አሉኝ፣ እትዬ።"

ሴትዮዋ አመዱን ተቀብላ በተነችው። "ባልሽ ሙሽራ ሲጠብቅ የተገፈፈ በግ ይግባለት?" ብላ አሳቀቻት።

ከዚያ በሞቀ ውኃ የራሰ ጨርቅ አገጯ ላይ አቆየችላት። ቆዳውን ወጠር አድርጋ ጠጉሩን እንደ አበቃቀሉ አንድ በአንድ ነቀለችው፤ ለጋ ቅቤም ቀባቻት።

"ቤትሽ ወዴት ነው?" አለቻት ስትጨርስ። ካሣነሽ ነገረቻት።

"እህቴም እዚያው ናት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ። ለሠርጓ ብዬ ፊቷን በአመድ የፈተግሁት እኔ ነኝ። ቆዳዋ ተልጦ ጠባሳው አልለቅ ብሏት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ፊቷን እንደሸፈነች ናት።"

በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ ካሣነሽ ደጅ ቆማ ተገኘች። አገጯን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችና፣ "ተመስገን፤ አላበጠም" አለች።

"እዚህ ድረስ ከመጡ አይቀር እህትዎንም አይተው ይሂዱ እንጂ" አለቻት ካሣነሽ።

"እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ" አለች ሴትዮዋ። ከዚያም በእህቷ ደጅ የሚያልፈውን የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ትታ፣ በገደሉ ሥር ባለው በሩቁ መንገድ ዞራ ወደ ቤቷ ወረደች።