የበረንዳው ምሰሶ ቀዳዳዎች

ሥራዬ እምቢ ማለት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። አሶሳ ውስጥ አሮጌው ሰፈር የምንለው አለ፤ የዱሮ ነጋዴዎች ቤታቸውን የሠሩበት፣ ማንጎው ከቆርቆሮው በላይ የተንሰራፋበት ሰፈር። እዚያ ቤቱን ማደስ የፈለገ ሰው ፕላኑን ይዞ የቤቶቹን የዱሮ መልክ ወደሚጠብቀው ቢሯችን ይመጣል። እኔና መሐንዲሱ እናየዋለን፤ እኔ እምቢ እላለሁ፣ እሱ ይስቃል። ሰማያዊ መስታወት የለበሰ አዲስ ሕንፃ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን አያስገልጥም፤ ውስጡ የተቀመጠው ሰው ደግሞ እንደ ድንች ይቀቀላል። ይህን ስል መሐንዲሱ "አንቺ እኮ በቁምሽ ነው የምታልሚው" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ።

ከሰፈሩ ቤቶች አንዱን ከሌሎቹ ለይቼ እወደው ነበር። መንገድ ዳር ነው። ፊቱን በሙሉ የያዘ ረጅም በረንዳ አለው፤ በረንዳውን ወፋፍራም የቆላ እንጨት ምሰሶዎች ተሸክመውታል። ጥግ ላይ ዚር የሚሉት ትልቅ የውሃ ገንቦ ቆሟል፤ የጠማው መንገደኛ ሳያስፈቅድ ቀድቶ ይጠጣል። በቀትር በዚያ ሳልፍ እርምጃዬ ራሱ ይቀንሳል። ማንጎ ከቅርንጫፉ ተበጥሶ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ይላል፣ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ከዚያ ዝም። ገንቦው ጠብ ጠብ ይላል። እኔን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ጥላው ነው እል ነበር።

በሕይወቴ ከሁሉ ቀድሞ የማስታውሰው ነገር ብርሃን ነው። ተኝቻለሁ። ብርሃኑ ቀጭን ቀጭን መስመር ሆኖ በብርድ ልብሱ ላይ፣ በእጄ ላይ፣ አጠገቤ በተኛ ሰው ጀርባ ላይ ተዘርግቷል። አንዳንዴ መስመሮቹ ከዳር ጀምረው ተራ በተራ ይጠፋሉ፣ ተራ በተራ ተመልሰው ይበራሉ። ጀርባው ያስላል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ በቁጥር በሚጠራ መንደር ነው። ጎጇችን የጭቃና የሣር ነበረች፣ ብርሃን የሚገባት በበሯ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያ ብርሃን የእሷ ሊሆን አይችልም። እናቴን ስጠይቃት "ሕልም ነው ልጄ" ትለኛለች። አባቴ በመጣን በዓመቱ ሞተ። መልኩን አላውቀውም፣ ፎቶም የለውም። እናቴ ስለ እሱ ስትጠየቅ "ታሞ ሞተ" ትልና ግራ እግሯን እየጎተተች ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እሷም ካረፈች ቆየች። እኔም ሕልም ነው የተባልኩትን ሕልም ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የዚያ የምወደው ቤት ፕላን ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ያመጣው የቤቱ ልጅ ነው፤ በሸርቆሌና በአሶሳ መካከል ሚኒባስ የሚነዳ፣ ትልቅ ቤተሰብ ያለው ሰው። ፕላኑን ዘረጋሁትና ደሜ ፈላ። በረንዳው በሙሉ በብሎኬት ተዘግቶ ክፍሎች ይወጡበታል። የሚንሸራተት የአሉሚኒየም መስኮት። ፊት ለፊቱ ሴራሚክ። ገንቦውስ የት ይግባ? ገንቦውን ፕላኑን የሠራው ሰው አላየውም።

ቤቱን ሄጄ ከውጭ አየሁት፣ ምሰሶዎቹን ዞርኳቸው፣ ተመልሼ አስተያየቴን ጻፍኩ። "በረንዳው ከተሠራ ጀምሮ ክፍት የነበረ በመሆኑ ክፍት ሆኖ ይቆይ። በምሰሶዎቹ ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎች ጉዳት በመሆናቸው ይደፈኑ።" ቀዳዳዎቹን ምስጥ ይብላቸው ሚስማር፣ አልመረመርኩም። ልበ ሙሉ ሆኜ ነው የፈረምኩት።

ልጁ መልሱን ቆሞ አነበበ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እህቴ ጦርነቱን ሸሽታ ከካርቱም መጥታለች" አለ። "ባሏ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ልጆቿን ይዛ በኩርሙክ በኩል ገባች። ቤቱ ውስጥ እኛው ራሳችን ተደራርበን ነው የምንተኛው። ዝናቡ ሳይገባ ክፍል ካላገኘሁላት የስደተኞች ካምፕ ሄጄ እመዘገባለሁ እያለች ነው። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀምስም ብላለች።"

መሐንዲሱ በዓይኑ ፍቀጂለት አለኝ። ግን ለአንዱ ብሎኬት ከፈቀድኩ ነገ ጎረቤቱ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ የጎረቤቱ ጎረቤት፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ሰፈሩ ግንብ ለግንብ ይሆናል። ሊገባው ይችላል ብዬ ይህንኑ ነገርኩት። ገባው፤ መግባቱ ግን እህቱን የትም አላስተኛለትም። "ነገ ከሰዓት ቤታችሁ መጥቼ ከናንተ ጋር አየዋለሁ" አልኩት፤ ምን እንደማይ ሳላውቅ።

እናቱን ሰፈሩ በሙሉ "ሐቦባ" ነው የሚላቸው፤ አያት እንደማለት ነው። የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም፣ ልጃቸውንም፣ በጓሮ የሚያልፈውን ፍየልም እኩል "አንተ" ይላሉ። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከካርቱም የመጣችው ልጃቸው የልጆቿን ልብስ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ይዛ የመጣቻቸው ሻንጣዎች እንደታሰሩ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ትንሿ ልጇ አንዱን ተንተርሳ ተኝታለች።

"ሻንጣውን አትፈቺውም?" አልኳት።

"ቤት ሲጠብ ሰው ይጣላል" አለችኝ። "ሳንጣላ ብሄድ ይሻላል።"

ሐቦባ ሰሙ። "ካምፕ ቤት ለሌለው ሰው ነው" አሉ። "ልጄ ቤት አለው። ወላሂ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ልጄ ድንኳን አይገባም!" ከዚያ እንግዳ መሆኔ ትዝ አላቸውና "አንተ ውሃ ጠጣ" አሉኝ።

ከገንቦው በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ውሃው የሸክላ ጠረን አለው፤ ቀዝቃዛ ነው። ምሰሶውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። የመጣሁበትን ላስብ ሞከርኩ፤ ሐሳብ ግን እምቢ አለኝ። ሙቀቱ ከብዷል። ከሰፈሩ ማዶ የከሰዓቱ አዛን ተሰማ፣ አበቃ። ማንጎ ዱብ አለ። ዓይኔ ክድን ክድን ሲል ያ የዱሮው እንቅልፍ ከእግሬ ጀምሮ እየወጣ ያዘኝ። እጄ ደግሞ የራሱን ሥራ እየሠራ ነበር ለካ። አውራ ጣቴ ምሰሶው ላይ ካለው ቀዳዳ ገብቷል።

ነቃ አልኩ። ከላይ ሌላ ቀዳዳ አለ፣ ከታችም ሌላ። ተነሥቼ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄድኩ፤ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ስፋት። ሦስተኛውም እንደዚያው። ምስጥ በሜትር ለክቶ አይበላም። በራሴ አፈርኩ።

"ሐቦባ፣ እዚህ ምሰሶ ላይ ምን ነበር?"

"ሽመል" አሉ፣ የታወቀ ነገር የጠየቅኳቸው ይመስል። ሽመል የምንለው የቆላውን ቀርከሃ ነው። "ግድግዳ ነበር። ባሌ ሠራ። አንድ ክረምት ብቻ፣ ከዚያ አነሣው።"

"በረንዳው ተዘግቶ ነበር? ለምን?"

"ሰፈራ የመጣ ሰውዬ ነበር። በጣም ታመመ። ሐኪም ቤት ሞልቷል፣ ቦታ የለም። ሚስቱ ዝናብ ውስጥ ያ ማንጎ ሥር ቆመ፣ ልጅ አዝሎ። ግቡ አልን። ንፋስ ዝናቡን እዚህ ያስገባል። በሽመል ዝጋው አልኩ ባሌን። ሰውዬው ሁሉንም አትዝጋ አለ። 'ሰው ሲያልፍ ልይ' አለ። አገሩ ሩቅ ነው፣ እዚህ ማንንም አያውቅም፣ መንገድ ማየት ብቻ ይወዳል። ባሌ ሽመሉን ክፍት ክፍት አድርጎ ሠራ። ትንሽ ዝናብ ይገባል፣ ምን ይሆናል? መንገድ ይታያል።"

ጣሳው እጄ ላይ ነበር። መሬት አስቀመጥኩት።

"ሐቦባ፣ ብርሃኑ በክፍተቱ ሲገባ መስመር መስመር ይሠራ ነበር? ሰው በመንገድ ሲያልፍ መስመሩ እየጠፋ ይበራ ነበር?"

ትኩር ብለው ብዙ አዩኝ። "እናትህ የት ነው?" አሉ።

"ሰፈራ መንደር ነበረች። አርፋለች።"

"እግሩ... ይሄ ግራው፣ ይጎትታል?"

"አዎ" አልኩ።

ሐቦባ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። እጄን ያዙና ከመጨረሻው ምሰሶ አጠገብ ወሰዱኝ። በእግራቸው ወለሉን ነካ ነካ አደረጉት። "አንተ እዚህ ተኛህ። አባትህ እዚህ፣ ፊቱ ወደ መንገድ። እናትህ እዚያ። እዚህ ነው የሞተው። የናንተ ሰዎች መጡ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። እኛም ሄድን፣ አጥር ውጭ ቆመን አለቀስን።" ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እኔም አለቀስኩ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት፣ ምንም አላፈርኩም። አባቴን ስላገኘሁት ነው ያለቀስኩት፤ ያገኘሁት ጀርባውን ብቻ ቢሆንም የራሴ ነበር። ፊቱን የማላውቀው ወደ መንገዱ ስለዞረ ነው። ያ መስመር መስመር ብርሃንም ሕልም አልነበረም። የሚሞት ሰው ሰው እንዲታየው የተተወለት ክፍተት ነበር። እኔ ደግሞ ይደፈን ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ልጃቸው ልብስ ማስጣቱን ትታ ቆማ ስትሰማን ነበር። ወደ ምሰሶው መጣችና እሷም ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች። ወንድሟም ከሥራ ሲገባ እዚያው ደረሰ። በሽመል ቢዘጋስ አልኩት፤ በዚያው በዱሮው ቀዳዳ፣ ምሰሶው ሳይነካ፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ለዝናቡ የሚጠቀለል ሸራ ቢሆንለት። ፊቱን አልፈታም።

"እህቴ እኮ ከተማ ነው የኖረችው" አለ። "የሽመል ግድግዳ ውስጥ ላስተኛት?"

ሳልመልስለት እሷ ቀደመችኝ። "መንገዱ ይታያል?" አለችኝ።

"ይታያል።"

"እዚያ መስኮት ዘግተን፣ ብርድ ልብስ ሰቅለንበት ነው የከረምነው" አለች። "ልጆቼ ቀንና ሌሊት ተምታቶባቸው ነበር። ክፍት ክፍት ይሁንልኝ።"

በማግሥቱ አስተያየቴን ቀደድኩና አዲስ ጻፍኩ። የቢሮው ኃላፊ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። በረንዳው ከዚህ በፊት ተዘግቶ ያውቃል ለማለት ማስረጃሽ ምንድን ነው አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት። "ተኝቼበታለሁ።" መሐንዲሱ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተወው። በኋላ ሁሉንም ስነግረው "እምቢ ማለት ሰልችቶሽ ነው ብዬ ነበር" አለኝና፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሻይ በጋበዘኝ ቁጥር ስኳሩን ራሱ ያማስልልኝ ጀመር።

ሽመሉ ከመንደር መጣ፤ ልጁ በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጭኖ አመጣው። የአገሩ ሽመል ከዓመታት በፊት በአንድ ጊዜ አብቦ ደርቆ ነበር። ያኔ አበባውን ለማየት ጫካ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼው የማላውቅ አበባ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ግን ሽመል ካበበ ይሞታልና ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ከረገፈው ዘር የበቀለው እነሆ ዛሬ ለግድግዳ ደረሰ። ሲያስገቡት አጠገባቸው ነበርኩ። አግዳሚው በዱሮው ቀዳዳ ጥርቅም ብሎ ገባ፤ መዶሻ እንኳ ብዙ አልፈለገም። ሐቦባ ቆመው "ክፍት አድርግ፣ ክፍት አድርግ" እያሉ ያዙ ነበር።

ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት ሄድኩ። ለቢሮ የነገርኩት ሥራው በተፈቀደው መሠረት መሆኑን ላረጋግጥ ነው ብዬ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። ገንቦው ቦታው ላይ ነው። ሻንጣዎቹ ተፈትተው ባዷቸውን ከጣሪያው ሥር ተሰቅለዋል፤ የልጆቹ ልብስ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሐቦባ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀስ ብዬ እንድገባ ጠቆሙኝ።

ትንሿ ልጅ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች፣ ከመጨረሻው ምሰሶ አጠገብ። ብርሃኑ ቀጭን ቀጭን ሆኖ በብርድ ልብሷ ላይ፣ በእጇ ላይ ወድቋል። አንድ ሰው አህያውን እየነዳ በመንገዱ አለፈ፤ መስመሮቹ ከዳር ጀምረው ተራ በተራ ጠፉ፣ ተራ በተራ በሩ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። አየችኝና በዐረብኛ አያቷን አንድ ነገር ጠየቀች፤ ማን ናት ማለቷ ነው። ሐቦባ መለሱላት። ከዚያ እኔም እንድሰማው በአማርኛ ደገሙት።

"ካንተ በፊት እዚህ የተኛ ልጅ ነው" አሉ።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለችልኝ።